ከረዳትነት ወደ ነርስነት

በገጠር ጤና ጣቢያ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ነው። መድኃኒት የምታድለውም፣ ደም የሚመረምረውም፣ ቁስል የምታጥበውም በአንድ ስም ይጠራሉ። ዕድሜያቸው የገፋ የጎጃም አባቶችና እናቶች ደግሞ ዛሬም «ድሬሰር» ማለት ይቀናቸዋል። ቃሉ ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት በንጉሡ ዘመን ቁስል እያጠቡና መርፌ እየወጉ አገር ያስታመሙ ባለሙያዎች መጠሪያ ነበር። ልማዱ ከአክብሮት የመነጨ ስለሆነ አልነቅፈውም። ሆኖም አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ጋዋን ለብሰው ከሚሠሩ ሁለት ሴቶች አንደኛዋ የታዘዘችውን የምትፈጽም ረዳት፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ራሷ መርምራ የምትወስንና ለውሳኔዋ በሕግ የምትጠየቅ ነርስ ልትሆን ትችላለች። ለታማሚው ግን ሁለቱም «ዶክተር» ናቸው።

የዛሬው ጽሑፌ በእነዚህ ሁለት ባለሙያዎች መካከል ስላለው መንገድ ነው። በዲማና በብቸና አካባቢ ከታማሚዎች ጥያቄ ቀጥሎ በብዛት የሚቀርብልኝ ጥያቄ ከጤና ረዳቶች፣ ከደረጃ ሦስትና አራት ነርሶች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ከወላጆቻቸው የሚመጣ ነው። «ዶክተር፣ ልጄ ሥራዋን ይዛ ዲግሪዋን ብትቀጥል ይሻላታል? ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ብናውለው?» ይሉኛል። ጥያቄው የቤተሰብ ወጪና ገቢ ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የጤና ጥያቄ አድርጌ ነው የማየው። ልጅቷ የምትማርበት መንገድ ሌሊት ተረኛ ሆና የምትጠብቃቸውን ታማሚዎች ይመለከታልና።

በአገራችን ይህ መሰላል አዲስ አይደለም። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመርቀዋል። ወደ አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ነቀምቴ ላይ ሲያርፉ፣ በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራው ሆስፒታል የነርስ ትምህርት ቤትም ነበረው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ለገጠሩ ያሠለጥን ጀመር። ከእነዚህ ሥር ድሬሰሮችና ጤና ረዳቶች ነበሩ። በደርግ ዘመንም ከዋና ከተማ ራቅ ያለውን ሕዝብ በአብዛኛው ያከመው ጤና ረዳት ነው። በ1990ዎቹ ሥልጠናው ሲቀየር ብዙ ጤና ረዳቶች ተጨማሪ ትምህርት ወስደው ጁኒየር ነርስ ሆኑ። በኋላም የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች መጡ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በበኩሉ በአንድ ዓመት ሥልጠና የተሰማሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ወደ ቀበሌ አወረደ። ከእነሱም ብዙዎቹ ወደ ደረጃ አራት አድገዋል። በአጭሩ የኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ከታች ጀምረው ወደ ላይ በወጡ ሰዎች ጫንቃ ላይ የቆመ ነው። ዛሬ በየሆስፒታሉ «ሲስተር» እየተባሉ ከሚከበሩት አንጋፋ ነርሶች መካከል ሥራን በጤና ረዳትነት የጀመሩ አሉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ትንሽ ልበል። ቀደም ባለው ጊዜ ነርስን «አስታማሚ» ማለት የተለመደ ነበር። አሁን ግን አስታማሚ የምንለው ከታማሚው ጋር ሆስፒታል የሚያድረውን እህት፣ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ ነው። የቃሉ ጉዞ የሥራውን ጉዞ ያሳያል። በሌሎች አገሮች በደመወዝ የተቀጠረ ረዳት ነርስ የሚሠራውን፣ ማለትም ታማሚውን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ወደ መጸዳጃ መደገፍ፣ በእኛ አገር በአብዛኛው ቤተሰብ ይሠራዋል። ስለዚህ ያሉን ጥቂት ረዳቶች ከእንክብካቤው ይልቅ ወደ መርፌው፣ ወደ ግሉኮሱና ወደ መድኃኒቱ ይሳባሉ። ሰው ሲጎድል ረዳቷ የነርሷን ሥራ ትሸፍናለች፤ ነርሷ የሐኪሙን ትሸፍናለች። ሁሉም ከተማረው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይሠራል። በእኔ አመለካከት የጉዳዩ አስቸጋሪ ጫፍ ይህ ነው። ረዳቷ የነርሷን ሥራ ለዓመታት ስለሠራችው ነርስ የሆነች ይመስላታል፤ የቀራት ወረቀቱ ብቻ እንደሆነ ታስባለች። አለቆቿም እንደዚያው ያስባሉ።

ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን በሁለት ምሳሌ ላሳይ።

አንዲት እናት በጤና ጣቢያ በሰላም ወለደች እንበል። በሥራው ላይ ያለችው ባለሙያ በየ15 ደቂቃው የልብ ምትና የደም ግፊት ትለካለች። መጀመሪያ ምቱ 84፣ ግፊቱ 110 በ70 ነበር። ቀጥሎ ምቱ 100፣ ግፊቱ ያው ነው። ከዚያ ምቱ 118 ሆነ፤ ግፊቱ አሁንም 110 በ70 ነው። ጥሩ እጅ ያላት ረዳት እነዚህን ቁጥሮች በትክክል ለክታ፣ በትክክል ጽፋ፣ «ግፊቷ ጥሩ ነው» ብላ ልታልፍ ትችላለች። አልተሳሳተችም፤ የታዘዘችው መለካት ነው። ነርሷ ግን የምታነበው ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የቁጥሩን አካሄድ ነው። የወጣት ሴት አካል ብዙ ደም እስኪፈስሰው ድረስ ግፊቱን አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ቀድሞ የሚናገረው የልብ ምቱ እንደሆነ ታውቃለች። ስለዚህ ልብሱን ገልጣ ደሙን ታያለች፤ ማኅፀኑ መጠንከሩን በእጇ ትዳስሳለች፤ ፊኛው ሞልቶ እንዳይሆን ታረጋግጣለች፤ ሰው ትጠራለች። ግፊቱ እስኪወርድ የጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ሁለተኛው ምሳሌ የእርግዝና ደም ግፊት ተባብሶ የሚያንቀጠቅጣት እናት ናት። ለእንዲህ ያለችው እናት የሚሰጠው ዋነኛ መድኃኒት ማግኒዚየም ሰልፌት ነው። በጤና ጣቢያ የመጀመሪያው መጠን ተሰጥቷት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ሆስፒታል ስትደርስ በካርዷ ላይ «በየአራት ሰዓቱ» የሚል ትእዛዝ ይሰፍራል። ሰዓቱ ሲደርስ መርፌውን መውጋት ረዳትም ትችላለች። ነገር ግን መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽ ያቆማል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መርፌ በፊት ሦስት ነገር ይታያል፦ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ መሆኑ፣ ጉልበቷ በመዶሻ ሲነካ እግሯ መፈናጠሩ፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር ያላነሰ መሆኑ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መርፌው አይሰጥም፤ ለሐኪሙ ይነገራል። ትንፋሹ ከቆመ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ስለሆነ እሱ ከአልጋው አጠገብ ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የነርሷ ትልቁ ሥራ አለመስጠት ነው። «ታዝዟል፤ ግን አሁን አልሰጥም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ብሎ ሐኪምን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ዕውቀትም ድፍረትም ይጠይቃል። ረዳትነት ይህንን አያስተምርም። የረዳትነት በጎ ምግባር መታዘዝ ነውና።

ስለዚህ ከረዳትነት ወደ ነርስነት መሻገር በተመሳሳይ ሥራ ላይ ደመወዝ መጨመር አይደለም። አስተሳሰብ ይለወጣል፤ ለሰው ሕይወት የሚጠየቀው ሰውም ይለወጣል።

ትምህርቱ ለታማሚ ፋይዳ እንዳለው በሌላ አገር በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች 300 ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ420 ሺህ በላይ ታማሚዎች ተመልክቷል። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ዲግሪ ያላቸው ነርሶች ድርሻ በአሥር በመቶ ከፍ ባለ ቁጥር ታማሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በሰባት በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር የትምህርት ተቋማት ቢሰሙት ለማስታወቂያ ይጠቀሙበታል። የዚያው ጥናት ሌላው ግኝት ግን እምብዛም አይነገርም። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታማሚ በተጨመረ ቁጥር የመሞት ዕድሉ በሰባት በመቶ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ጥናት ዝምድናን እንጂ ምክንያትን ለብቻው አያረጋግጥም፤ የአውሮፓ ሆስፒታልም የእኛ አይደለም። ቢሆንም የተማረች ነርስ በአቅሟ ልክ ታማሚ ካልተሰጣት የትምህርቷን ጥቅም የሥራው ብዛት ሊበላው እንደሚችል ይጠቁመናል። አንዲት ረዳት ተምራ ዲግሪ ብትይዝና ሌሊቱን ብቻዋን የተኝቶ ሕክምና ክፍሉን፣ ማዋለጃውንና ድንገተኛውን እንድትይዝ ቢደረግ፣ በእርግጥ ምን ለወጥን?

አሁን ወደ ዲማ ልመለስ። ብዙ አንባቢ ዲማን የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ራሳቸው በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል። ይህ አገር ሰውን ከታች አንሥቶ ደረጃ በደረጃ ማውጣትን ከማንም በፊት ያውቅበታል። የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን ይቆጥራል። ሌሊት ያሰበውን ጠዋት ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ፣ ያቃናሉ። ጉባኤ ቃናው ሳይጠና ወደ ዘአምላኪየ አይሻገርም፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ድረስ ይወጣል። በዚህ መካከል ቀድሞት የገባው ተማሪ አስነጋሪው ሆኖ ያስጠናዋል። ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ሦስት ዓመት ስለ ተቀመጠ ብቻ ማንም «ቤት ሞልተሃል» እንደማይባል ነው። የኔታ ሰምተው ሲያምኑ ነው የሚሞላው። (የቅኔ ትምህርት ቤቶችን አወድሼ መጨረስ አልፈልግም። ተማሪው በቆሎ ትምህርት የሚቀምሰው ረኀብና ተስቦ ለሐኪም ሌላ የሐዘን ርእስ ነው። የማወድሰው አንድ ለአንድ መታረሙን ነው።)

ነርስነትም እንዲሁ በጆሮና በዓይን፣ ከታማሚ አጠገብ፣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እየተመለከተኝ የሚማሩት ሙያ ነው። በመሆኑም ለመማር ለሚያስቡ የምሰጠው የመጀመሪያ ምክር የኮሌጁን ሕንፃ ሳይሆን አልጋውን ጠይቁ የሚል ነው። ተማሪዎቹ ተግባራዊ ልምምድ የሚያደርጉት በየትኛው ሆስፒታል ነው? በሳምንት ስንት ቀን? በአንድ አስተማሪ ሥር ስንት ሆነው? ማዋለጃ ክፍል፣ የሕፃናት ክፍል፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባሉ ወይስ ወረቀቱ ላይ ብቻ ይፈረምላቸዋል? ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ የማይሰጥ ተቋም ገንዘባችሁን ሊቀበል እንጂ ሊያስተምራችሁ አልተዘጋጀም።

ሁለተኛው የዕውቅና ጉዳይ ነው። አንድ ኮሌጅ በአጠቃላይ ዕውቅና አለው ማለት ሁሉም ትምህርቱ ዕውቅና አለው ማለት አይደለም። ፈቃዱ ለተወሰነ የትምህርት መስክ፣ ለተወሰነ ካምፓስና ለተወሰነ የማስተማሪያ ዓይነት የሚሰጥ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ዋናው ካምፓስ ዕውቅና ቢኖረው በወረዳ ከተማ በኪራይ ቤት የተከፈተው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። መዝጋቢው የሚነግራችሁን ብቻ ይዛችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ከኢትዮጵያ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ወይም ከክልሉ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ። ሦስት ዓመት ተምሮ ማስረጃው ዋጋ እንደሌለው በምረቃው ማግስት መስማት እጅግ ከባድ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ተመራቂዎች የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የብሔራዊ ፈተና ይወስዳሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ የመውጫ ፈተና አለባቸው። ከደረጃ ለሚነሡትም የብቃት ምዘናው አለ። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ፈተና እንደ እንቅፋት ያዩታል። እኔ በሌላ መንገድ ነው የማየው። በየወረዳው ያለው ትምህርት ጥራቱ እኩል እስካልሆነ ድረስ ዲማ ላይ የተኛችው ታማሚ የነርሷን ኮሌጅ ልትመርጥ አትችልም፤ ከእሷ ፋንታ የሚመርጥ አንድ ወንፊት ያስፈልጋታል። ወንፊቱ ሁሉን ነገር አይለይም፤ የእጅን ብቃት በወረቀት መመዘን አይቻልምና። ይሁን እንጂ ከምንም ይሻላል።

ሦስተኛው በሥራ ላይ ሆኖ ስለ መማር ነው። ብዙዎች በማታና በቅዳሜና እሑድ ይማራሉ፤ ቀን ይሠራሉ፤ የሌሊት ተራም አላቸው። ከእነሱ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ቤት ሲገቡ ልጅና ምድጃ ይጠብቃቸዋል። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ ጠዋት ክፍል መግባት ለአንድ ሳምንት ጥንካሬ ነው፤ ለሦስት ዓመት ግን አደጋ ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ስሌት ይስታል። በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ ማስላት ቀላል ሒሳብ ነው፦ 1000 ሚሊ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ ቢታዘዝና መስመሩ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ቢሆን በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ነቅቶ ላለ ሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሁለት ቀን ድካም በኋላ ግን ሰው 42ቱን 84 ያደርገዋል። በምግብ እጥረት በተጎዳ ሕፃን ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ልብን ያጥለቀልቃል፤ ይገድላልም። ስለዚህ የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች፣ ከሌሊት ተራ ማግሥት ፈተና እንዳይገጥም አስቀድማችሁ ከኃላፊያችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ስሌታችሁንም ሌላ ሰው እንዲያይላችሁ ጠይቁ። ማስጠየቅ ውርደት አይደለም፤ በደንብ የተደራጀ ሆስፒታል ውስጥ ግዴታ ነው።

ሌላም ቀላል ነገር አለ። ትንሽ ደብተር ያዙ። በቀን አንድ መድኃኒት ብቻ ምረጡና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ለምን ታዘዘ፣ መቼ መስጠት የለብኝም፣ ከሰጠሁ በኋላ ምን እከታተላለሁ። መልሱን ከሐኪሙ፣ ከፋርማሲ ባለሙያው ወይም ከአንጋፋዋ ሲስተር ጠይቁ። በዓመት ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ይሆናል። ኮሌጅ ሳትገቡም ቢሆን ጀምሩት። ክፍያ የለውም።

ወደ ባሕር ማዶ ያቀኑ ወገኖቻችንም ይህን መሰላል ያውቁታል። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሥራ የሚጀምሩት በአረጋውያን መጦሪያ «ሲ ኤን ኤ» ሆነው ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለዚህ ሥራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ከዚያ ሌት እየሠሩ ኮሌጅ ይገባሉ፤ በመጨረሻም ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና አልፈው የተመዘገቡ ነርስ ይሆናሉ። አገር ቤት በዲግሪ የሠሩ ነርሶች እንኳ ማስረጃቸው እስኪመዘንና ፈተናውን እስኪያልፉ ድረስ አረጋዊ እያጠቡ ሊቆዩ ይችላሉ። ከዚህ ልምድ የምንወስደው አንድ ነገር ቢኖር ድንበሩ ግልጽ መሆኑ ነው። ሲ ኤን ኤዋ የቱን ያህል ብትለምድ የነርሷን ሥራ እንድትሠራ አይፈቀድላትም፤ የሚፈቀድላት ቀን ግን ማዕረጓም ክፍያዋም አብሮ ይለወጣል።

በእኛ ዘንድ ሁለቱም ደብዛዛ ነው። በዚህ ረገድ ወቀሳዬ ለተማሪዎቹ ሳይሆን ለቀጣሪዎቻቸው ነው። ረዳቷ ሳትማር የነርስ ሥራ ትሠራለች፤ ከተማረች በኋላ ደግሞ «ክፍት መደብ የለም» ይባልና በድሮው ደመወዝ ትቀመጣለች። በግል ገንዘቧ፣ አንዳንዴም በሬ ወይም ጤፍ ተሽጦ በተከፈለ ገንዘብ ተምራ ዲግሪዋን ይዛ ስትመለስ የሚጠብቃት ያው ወንበር ነው። የበጀት ችግር መኖሩን እረዳለሁ። ነገር ግን ወረዳው አንዲት ሠራተኛ ትምህርት ስትጀምር ፈቃድ የሚሰጣት ከሆነ፣ ስትጨርስ ምን መደብ እንደሚያስፈልገው ከሦስት ዓመት በፊት ያውቃል ማለት ነው። ዕቅዱ ላይ ማስፈር የሚከብድ አይመስለኝም። ካላሰፈረ ልጅቷ ወደ ከተማ፣ ወደ ግል ክሊኒክ ወይም ወደ ዓረብ አገር ትሄዳለች፤ ዲማም ያወቀችውንና የሚያውቃትን ባለሙያ ታጣለች። ሰው በገንዘብ ብቻ አይደለም የሚቀረው፤ የአገሩን ቋንቋና ሐዘን የምታውቅ፣ ሌሊት ቤቷ ድረስ ሄደው የሚያንኳኩባት ነርስ ግን በማስታወቂያ ተቀጥራ አትመጣም።

ሌላው ወቀሳዬ ዲግሪ ያገኘችው ነርስ ከአልጋው የምትርቅ መሆኑ ላይ ነው። እንደተመረቀች ኃላፊ፣ ሪፖርት አቅራቢ፣ የመጋዘን ተቆጣጣሪ ትሆንና ጠረጴዛ ይሰጣታል። በታማሚው አጠገብ የሚቀረው ከሁሉ ያነሰ የተማረው ነው። አሥር ዓመት በረዳትነት የሠራች ሴት የታማሚዋ ፊት ሲገረጣ፣ ሕፃኑ መጥባት ሲያቆም፣ ሽማግሌው ንግግሩ ሲዛባ ከማናችንም በፊት ታያለች። ያንን ዓይን ይዛ ላዩ ላይ የነርስነት ዕውቀት ሲጨመርበት ከእሷ የበለጠ ባለሙያ ማግኘት ይከብዳል። እንዲህ ያለችውን ሰው የወረቀት ሥራ ላይ ማስቀመጥ ብክነት ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአልጋ አጠገብ ትቆይ፤ ከእሷ በኋላ ለሚመጡት ረዳቶችም እንደ ቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ትሁናቸው። ለዚህ የሚሆን ጊዜ በሥራ መርሐ ግብሯ ላይ ይቆረጥላት።

ለምን ዲማን እያነሣሁ እንደማወራ አንባቢ ይገባው ዘንድ ልጨምር። የጤና ሥርዓታችን ታማሚን ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ደብረ ማርቆስ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ያሻግራል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። በክረምት ዋልካው መኪና ሲይዝ፣ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሲሆን፣ መንገዱም በተለያየ ምክንያት ሌሊት የማይኬድበት ሲሆን ግን ሪፈር የሚለው ቃል ትርጉም ያጣል። እስኪነጋ ድረስ የመጨረሻዋ ባለሙያ ተረኛዋ ናት። ከተማ ውስጥ ነርሷ ያላየችውን ሐኪሙ፣ ሐኪሙ ያላየውን ስፔሻሊስቱ ያየዋል። እዚህ ከእሷ ቀጥሎ የሚያይ የለም። ከረዳትነት ወደ ነርስነት በአቋራጭ የመጣች ልጅ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ድክመቷ ተሸፍኖላት ልትኖር ትችላለች፤ በገጠር ግን የሚሸፍንላት የለም። ስለዚህ ምርጡ ሥልጠና የሚያስፈልገው ለከተማው ነው የሚለውን አስተሳሰብ አልቀበለውም።

ቤተሰቦችም ድርሻ አላችሁ። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ለመማር ስትወስን ክፍያውን መሸፈን መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠቅማት ግን ጊዜ ነው። ባል በሳምንት ሁለት ምሽት ልጆቹን ቢይዝ፣ አማት ወይም እህት የቅዳሜውን ሥራ ብታግዝ ለትምህርቷ ከመጽሐፍ አያንስም። «ቶሎ ጨርሺ» እያላችሁ አታጣድፏት። ከሌላ አገር በተላከ ብር የምስክር ወረቀት «ሊያወጣላት» የሚችል ሰው እንዳለ የሚነግራችሁ ደላላ ቢመጣም በሩን አሳዩት። ያ ወረቀት አንድ ሌሊት የእናንተኑ ዘመድ ፊት ለፊት ያመጣባታል።

ታማሚዎችና አስታማሚዎች ደግሞ መጠየቅን ልመዱ። «ሲስተር፣ ይህ መርፌ ለምን ነው?»፣ «ከሰጣችሁኝ በኋላ ምን ብሰማ ልጥራችሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ረዳት የሆነችዋ «ቆይ ነርሷን ልጥራ» ብትላችሁ አታቃልሏት፤ ሥራዋን ማወቋ ነው። በየተቋሙ ያላችሁ ኃላፊዎችም በባለሙያው ደረት ላይ የሚንጠለጠለው መታወቂያ ከስሙ ሥር ሙያውንና ደረጃውን በትልቅ ፊደል፣ በአማርኛ እንዲይዝ አድርጉ። ማንበብ የማይችሉ ታማሚዎች ስላሉም ባለሙያዋ ተራዋን ስትጀምር ወደ እያንዳንዱ አልጋ ቀርባ ስሟንና ሥራዋን ትናገር፦ «እኔ እገሊት ነኝ፤ ረዳት ነኝ፤ የዛሬ ሌሊት ነርሳችሁ ደግሞ እሷ ናት።»